ዝንብ አጥር አያውቅም

ልጅ ሲታመም ቤታችን ውስጥ የምንጠያየቀው «ምን በልቶ ነው?» ብለን ነው። ወይም «ብርድ መትቶት ይሆን?» እንላለን። አንዳንዱም «የሰው ዓይን ወግቶት ነው» ይላል። «ይህ ልጅ የሚውለው የት ነው? የሚጫወተው ምን ላይ ነው? ከጎረቤት ጓሮ ወደሱ የሚመጣው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ልጅን የሚያሳድጉት እናትና አባቱ ብቻ አይደሉም። መንደሩም ያሳድገዋል። ብዙ ጊዜ የሚያሳምመውም ያው መንደሩ ነው።

ነገሩ ሰፊ ስለሆነ አንድ በሽታ ብቻ ልያዝ። ይኸውም የዓይን ማዝ ነው፤ ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል።

ይህን በሽታ ያላየ ገበሬ አይገኝም። የሕፃኑ ዓይን ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ዓይናር ይይዘዋል፣ ዝንብ ይወርረዋል። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች። በዚያው ጫፍ የታላቁን ዓይን ትጠርጋለች። ላብ ሲያስቸግራት ደግሞ የራሷን። ልጁ ጥቂት ቀን ይሰነብትና ይሻለዋል። ደግሞ ይታመማል፤ ደግሞ ይሻለዋል። ማንም አይደነግጥም። «የልጅ ዓይን እንዲሁ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ይባላል።

እውነት ነው፣ ሲያድግ የተወው ይመስላል። ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። በሽታው በተመላለሰ ቁጥር የዓይን ቆቡ በውስጥ በኩል ይቆስላል። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳ ደግሞ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተውና ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ ዓይኑን ይቧጭረው ጀመር። አቧራ የገባበት ዓይን እንዴት እንደሚያሠቃይ እናውቃለን፤ ይኸ ቀንም ሌትም የማይወጣ አቧራ ነው። ወረንጦ በአንገታቸው ክር ላይ አንጠልጥለው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሽፋሽፍታቸውን የሚያስነቅሉ እናቶች በየመንደሩ አሉ። የተነቀለው መልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅልም እንደ እሾህ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላል። ሳይታከም ከቆየ ግን የዓይኑ መስተዋት ይደፈርስና ብርሃኑ ይጠፋል። የጠፋው አይመለስም።

ስለዚህ አንዲት አያት በስልሳ ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ ስንል፣ ነገሩ የጀመረው በስልሳ ዓመቷ አይደለም። በሁለት ዓመቷ፣ አቧራ ላይ ተቀምጣ ስትጫወት፣ ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ነው የጀመረው። እሷን በትር ይዞ የሚመራት የልጅ ልጇም አለ። እሱ ደግሞ ትምህርት ቤት መሆን ሲገባው ከእሷ ጋር ይውላል። በአንድ ዓይን መጥፋት ሁለት ሰው ይጎዳል ማለት ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በእጥፍ ገደማ ሽፋሽፍታቸው የሚቀለበሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን የምታቅፈው፣ የምታዝለው፣ ዓይናር የምትጠርገው ሴት ናት። የስምንት ዓመት ልጃገረድ ወንድሟን አዝላ ስትውል በሽታውን ከጀርባዋ ትቀበለዋለች።

በ1998 ዓ.ም. በመላው አገራችን የዓይን ጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑት ሕፃናት መካከል ከመቶ 40 ያህሉ ይኸ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። የአማራ ክልል ለብቻው ሲታይ ደግሞ ከመቶ 62 በላይ ነበር። ይህ ማለት ከሦስት ልጅ ሁለቱ ለመሙላት ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ወረዳ ቀንሷል፤ አልጠፋም።

አሁን ወደ ዝንቡ እንምጣ። ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ ወጥና እንጀራ ላይ ከሚያርፈው የቤት ዝንብ ጋር ዘመዳም ነው እንጂ አንድ አይደለም። ይኸኛው የሚፈልገው ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወጣውን ርጥበት ነው። ከታመመው ልጅ ዓይን ተነሥቶ ጤነኛው ልጅ ዓይን ላይ ያርፋል፤ በእግሩ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። እንቁላሉን ለመጣል ከሁሉ አስበልጦ የሚመርጠው ሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ሰገራ ነው። በከብትና በውሻ ዓይነ ምድር ላይም ይራባል፤ የሰውን ያህል ግን አይመቸውም። ከጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ አይፈለፈልም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ሰገራው ጉድጓድ ከገባ ለዚህ ዝንብ አይሆነውም፤ ቁጥቋጦ ሥር ከተጣለ ግን ቤቱና መሶቡ ነው።

ስለ ሰገራ በጋዜጣ መጻፍ ነውር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነውሩ በጋዜጣው ላይ መጻፉ አይደለም፤ በጓሯችን መገኘቱ ነው።

ታዲያ እንበልና አንድ ታታሪ ገበሬ ጉድጓድ ቆፈረ። ዙሪያውን በጭራሮ አጠረ፣ ክዳን አበጀ፣ አመድ በጣሳ አስቀመጠ። ሚስቱ ጧት ጧት የልጆቹን ፊት ታጥባለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር እንዲህ ያለው ቤተሰብ በ16 ፓኬጅ ሠልጥኖ «ሞዴል» ይባልና የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ጥሩ ነገር ነው፣ አልነቅፍም። ብዙ ቤት የተለወጠው በዚህ ነው። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ቁጥቋጦ ሥር የሚጸዳዳ ከሆነ የሞዴሉ ገበሬ ልጅ ዓይን ምን ይሆናል? ዝንቡ ወረቀት አያነብብም። አጥር ዘልሎ ይገባል። ልጁም ቢሆን አጥር ውስጥ ታስሮ አይውልም፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ለአፈር ይንከባለላል፣ ጥጃ ይጠብቃል፣ ምንጭ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ነው የኔ አሳብ ከብዙ ሰው የሚለየው። ንጽሕናን የየቤቱ ጉዳይ አድርገን ይዘነዋል። «የኔን ሠርቻለሁ፣ የሌላው አያገባኝም» እንላለን። በእርሻ ግን እንዲህ አንልም። አንበጣ የጎረቤት ማሳ ላይ ሲያርፍ «የራሱ ጉዳይ» የሚል ገበሬ አለ? ቆርቆሮ እየመታ ይሮጣል እንጂ። ነገ የሱ ማሳ መሆኑን ያውቃላ።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ ጋምቢያ በምትባል አገር ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ታትሟል። ሽንት ቤት በተሠራላቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ ከመቶ 30 ያህል ቀነሰ። የዝንብ መድኃኒት በተረጨባቸው መንደሮች ከመቶ 88 ቀነሰ። መርጨቱ ይበልጣል፤ ግን መድኃኒቱ ሲያልቅ ዝንቡ ይመለሳል፤ ጉድጓዱ ይቆያል። እዚሁ በአማራ ክልልም በብዙ መንደር የተሰበሰበ መረጃ ተመርምሮ በ2017 ወጥቷል፤ ይኸም በፈረንጅ ነው። ሽንት ቤት የሚጠቀመው ቤተሰብ ከመቶ 60 ባለፈባቸው መንደሮች፣ ተጠቃሚው ከመቶ 20 በታች ከሆነባቸው ይልቅ ዓይናቸው የታመመ ሕፃናት አነስተው ተገኙ። ከመቶ 80 ባለፈባቸው ደግሞ ይበልጥ አነሱ። ልጁን የጠቀመው እንግዲህ የአባቱ ሽንት ቤት ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ነው።

ደስ የማይለውንም ልናገር። በዋግ ኽምራ በ40 መንደሮች ሌላ ሙከራ ተደርጓል። እኩሌቶቹ መንደሮች ውሃ ወጣላቸው፣ ሽንት ቤት እንዲሠሩ ተቀሰቀሱ፣ ፊት ስለ መታጠብ ተማሩ። እኩሌቶቹ እንደ ነበሩ ቆዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገን ሕፃናት ዓይን ላይ ልዩነት አልታየም። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ምን አደከመን?» ሊል ይችላል። እኔ ግን እንደዚያ አላነብበውም። በሽታው ሥር በሰደደበት አገር ሦስት ዓመት ቀበሌ ሙሉ ሰው ልማዱን የሚለውጥበት ጊዜ አይደለም። ጉድጓድ መቆፈርና በጉድጓድ መጠቀምም አንድ አይደሉም። ለቁጥር የተቆፈረ ጉድጓድ በየቦታው አይተናል፤ ሸረሪት ያደራበት፣ ጭድ የተከተተበት፣ ዶሮ የሚያድርበት! ተቆጣጣሪ ሲመጣ አመድ ይነሰነስበታል። ተቆጣጣሪው የሚቆጥረው ጉድጓዱን ነው፤ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደውን የእግር ዱካ ቢያይ ይሻል ነበር። ሣር የበቀለበት መንገድ ሁሉን ይናገራል።

«መድኃኒት አለ አይደለም ወይ?» የሚልም አለ። አለ። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ዚትሮማክስ የሚባለው መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ በየመንደሩ ሲታደል ኖሯል። ሰው በመለኪያ ዱላ ቁመቱ ይለካና በቁመቱ ልክ ይሰጠዋል። ለትንንሾቹ የሚጠጣ ነው፤ ስድስት ወር ላልሞላው ጨቅላ ደግሞ የዓይን ቅባት። ነጻ ነው፣ ይጠቅማል፣ መውሰድም ይገባል። «የኔ ዓይን ደኅና ነው» ብሎ የሚቀረው ሰው በሽታውን ሸሽጎ ለሌላው ያስቀምጠዋል። ግን መድኃኒቱ የሚገድለው ዓይን ውስጥ ያለውን በሽታ ነው እንጂ ሜዳ ላይ ያለውን ዝንብ አይደለም። ስምንትና አሥር ዓመት መድኃኒት ተሰጥቶባቸው በሽታው ያልለቀቃቸው ወረዳዎች አሉ። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል ቢጠርጉ ቤት አይደርቅም።

ከዓይን ወጣ ብዬ ከራሳችን አገር አንድ ነገር ልጥቀስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ይመረምሩ ነበር። ቢልሃርዚያ ወንዝ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ውሃ የሚንቦጫረቀውን ልጅ በቆዳው በኩል የሚገባ በሽታ ነው። ዶክተሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው እንዲህ ነው። ከ1969 እስከ 1974 እዚያው ዓድዋ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ቆዩ። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆኑት ሕፃናት በሽታው ያለባቸው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረዱ። ልብ በሉ፤ የታከመው ልጁ ሳይሆን ወንዙ ነው። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የተሸለሙበትም ሥራ ይኸው ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ የሚያጥቡበት ፍሬ ነው።

እንግዲህ ወደ መንደራችን እንመለስ። ሽንት ቤት የሌለው ሰው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም። ልጆቿ ከተማ የገቡባት መበለት አለች። ጉልበቱ ያለቀ ሽማግሌ አለ። ትናንት ጎጆ የወጡ፣ ከቤታቸው ሥር ሌላ መሬት የሌላቸው ወጣቶች አሉ። መሬቱ ዋልካ የሆነበት ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ቆፍሮ ሦስቱም ክረምት ላይ ተንዶበታል። በአራተኛው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ዋልካ ላይ ውስጡ በድንጋይ ካልተካበ አይቆምም፤ ድንጋይ ማመላለስ ደግሞ ለአንድ ሰው ከባድ ነው። እነዚህን ሰዎች በቅጣት ማስፈራራት ምን ይፈይዳል? ተቀጡም አልተቀጡ ዝንቡ አለ።

ሰው ሲሞት እድራችን በአንድ ጧት መቃብር ይቆፍራል። ዶማና አካፋ ከየቤቱ ይወጣል፤ ያልመጣ ይቀጣል። ለሞተ ሰው ጉድጓድ የሚቆፍር እድር ለሕፃን ዓይን ጉድጓድ መቆፈር እንዴት ያቅተዋል? ለአጨዳ ደቦ እንወጣለን፤ ለአንድ መበለት ሽንት ቤት ደቦ ብንወጣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በዓል ያልሆነ ቀን ተመርጦ፣ የመንደሩ ጎረምሶች ሄደው «እማሆይ፣ ሐሙስ መጥተን እንቆፍርልዎታለን፤ ቦታውን ያሳዩን» ቢሏቸው ምርቃቱ ብቻ ይበቃል። ጠላው ተጨማሪ ነው።

የሕፃናቱን ነገር ደግሞ አንርሳ። «የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ነው» የሚል አባባል አለ። ትክክል አይደለም። ዝንቡ የትልቅና የትንሽ ብሎ አይመርጥም። ሕፃኑ ጓሮ ላይ የተጸዳዳውን በአካፋ አንሥቶ ጉድጓድ መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው። ትንሽ ከፍ ያሉት ልጆች ጉድጓዱን የሚፈሩት ቀዳዳው ስለሚሰፋቸው ነው። ጠበብ ያለ እንጨት ቢረበረብበት ይደፍራሉ። ፊት ለመታጠብም እንስራ ሙሉ ውሃ አያስፈልግም። በጎኗ ትንሽ ቀዳዳ ያላትን ቅል ደጅ ላይ ማንጠልጠል ነው፤ ልጆቹ እንደ ጨዋታ ይታጠቡባታል።

ውሃ ስል ግን ሁሉንም በገበሬው ላይ መጫን አልፈልግም። ሁለት ሰዓት ተጉዛ አንድ እንስራ ለምታመጣ እናት «የልጅሽን ፊት በቀን ሁለቴ እጠቢ» ማለት ቀላል አይደለም። ያ ውሃ የሚጠጣ፣ የሚቦካ፣ የሚቀቀልበት ነው። ምንጭ ማጎልበትና የተበላሸ ፓምፕ መጠገን የወረዳው ሥራ ነው። ፓምፕ ተበላሽቶ ዓመት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ለአንዲት ዕቃ ነው። ቀበሌው ጉድጓድ አልቆፈራችሁም ብሎ ሰው ሲወቅስ፣ ሕዝቡም ፓምፑስ ብሎ መጠየቅ አለበት። ያቺ ዕቃ መቼ እንደምትመጣ ቀን ይቆረጥላት።

ሰው ደግሞ ቤቱ ብቻ አይውልም። ማሳው ሩቅ ነው፤ እርሻና አጨዳ ላይ ሲውል የቤቱ ጉድጓድ አይደርስለትም። እዚያ ጥልቅ ባይሆንም ቆፍሮ አፈር መመለስ ይቻላል፤ በሬ የሚነዳ ሰው ዶማ አያጣም። ገበያውስ? በገበያ ቀን ያ ሁሉ ሰው ከሰባት ቀበሌ መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ከበረት ጀርባ ነው። የገበያ ቀረጥ የሚሰበስበው ክፍል ከቀረጡ ላይ ለሕዝብ ሽንት ቤት ማሠሪያ ጥቂት ቢያወጣ አይጎዳም። በንግሥ ቀንም ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ዛፍ ሁሉ መሸሸጊያ ይሆናል። በማግስቱ እዚያው ዛፍ ሥር የቆሎ ተማሪዎች ቁጭ ብለው ያነበንባሉ።

ትምህርት ቤቱ ከሁሉ ያሳስበኛል፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ የሚቀላቀሉት እዚያ ነውና። ሁለት ክፍል ያለው ሽንት ቤት ተሠርቶላቸው አንደኛው ሞልቶ የቆመ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቁልፍ የተሰቀለበት ትምህርት ቤት አለ። «ተማሪ ያበላሸዋል» ይባልና ቁልፉ ለመምህራን ይቀመጣል። ከፍ ያሉት ልጃገረዶች ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ፤ ወይም በየወሩ ሦስትና አራት ቀን ይቀራሉ። ትንንሾቹ ከክፍሉ ጀርባ ይጸዳዳሉ፤ ዝንቡም ከዚያ በመስኮት ገብቶ ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች ዓይን ላይ ያርፋል። ጉድጓድ የሚቆፈረው በበጋ ስለሆነ የወላጆች ስብሰባም ከበልግ ዝናብ በፊት ቢጠራ መልካም ነው። ስብሰባው ላይ ብዙ ጉዳይ ይነሣል፤ ስለ መዋጮ፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳ፣ ስለ መምህራን መቅረት። ከነዚህ ሁሉ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ይጠይቅልኝ፤ የተማሪዎቹ ሽንት ቤት ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው?